«ፍሬን በጠሰ»፦ የእንጦጦ ቁልቁለትና የጋራዥ ባለሙያዎች ዕውቀት ታሪክ

በአዲስ አበባ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ እንደ ግንብ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሲነሣ የኖረው አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተያይዞ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በአምባው ላይ ስለ መክተማቸው፣ ስለ እንጦጦ ማርያምና ስለ እንጦጦ ራጉኤል፣ ኋላም ከተማው በ1879 ዓ. ም. ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ስለ መውረዱና ተራራውን ስላለበሰው ባሕር ዛፍ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። ቁልቁለቱ ግን ሌላም ታሪክ አለው። ይኸውም ከየካና ከእንጦጦ ዳገት የሚወርድን መኪና የማቆም ታሪክ፣ ማለትም የፍሬንና የፍሬን ባለሙያ ታሪክ ነው።

ይህን ታሪክ ለመመርመር ከአንድ የተለመደ አነጋገር መነሣት ይቻላል። አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ አደጋ ሲያደርስ፣ ሕዝቡም ዜና አቅራቢውም «ፍሬን በጠሰ» ይላሉ። አነጋገሩ ለሁሉም ግልጽ በመሆኑ ማንም አይመረምረውም። ለመሐንዲስ ጆሮ ግን ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። አንደኛው፣ በዛሬ መኪና ላይ የሚበጠሰው ነገር ምንድን ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ፍሬኑ ከመክዳቱ በፊት ምን ሲል ሰነበተ? የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የቴክኒክ ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ጠንቅቀው የሚያውቁት ግን ስማቸው በመጽሐፍ ያልሰፈረ፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ የጋራዥ ባለሙያዎች ናቸው።

መኪናውና የመጀመሪያው ተማሪ

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ. ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን መኪና ከጂቡቲ ጠረፍ አንሥቶ፣ ለመኪና የተሠራ መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ እያቋረጠ እስከ ዋና ከተማው ድረስ በመንዳት ለአፄ ምኒልክ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ በሕዝብ ዘንድ ስም አትርፎ ስለ ነበር፣ የከተማው ሰው በራሱ ኀይል የሚሄድ መኪና ሲያይ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ይሁን እንጂ መዳመጫው በዝግታ የሚሄድ ሲሆን አውቶሞቢሉ ግን የሚሮጥ ነው፤ የሚሮጥ ነገር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ማቆሚያ ያስፈልገዋል።

አፄ ምኒልክ መኪናውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ፈለጉ። ስለዚህም ተሰማ እሸቴ የተባሉትን ወጣት መኪና መንዳትንና መጠገንን ተምረው እንዲመለሱ ከሆልትስ ጋር ወደ ጀርመን ላኳቸው። እኒህ ሰው ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ናቸው። በዚያው በጀርመን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጻቸው፣ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው በኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅጂ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህ ክብር የሚገባቸው መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ወደ ባሕር ማዶ የተላኩበት ሙያ ሌላ ነበር። ድምፃውያን ተሰማ እሸቴን ሲዘክሩ፣ የመኪና ባለሙያዎች ግን ቀዳሚ አባታቸውን እስከ ዛሬ አልዘከሯቸውም። ይህ ብቻ የጋራዥ ዕውቀት በታሪካችን ውስጥ ምን ያህል ዝቅ ያለ ስፍራ እንደ ተሰጠው ለማሳየት ይበቃል።

በዚያ ዘመን የነበረው ፍሬን ከዛሬው እጅግ የራቀ ነው። አብዛኞቹ መኪናዎች ፍሬን የሚይዙት በኋላ እግራቸው ብቻ ሲሆን፣ የሹፌሩን ጉልበት ከፔዳሉና ከእጀታው ወደ ጎማው የሚያደርሰው ብረት ዘንግ ወይም የሽቦ ገመድ ነበር። በአራቱም እግር የሚይዝ ፍሬን የተስፋፋው እ. ኤ. አ. በ1920ዎቹ ነው። ኀይልን በዘይት ግፊት የሚያስተላልፈው ፍሬንም በአሜሪካዊው ዱሰንበርግ አውቶሞቢል ላይ እ. ኤ. አ. በ1921 ቢገጠምም፣ ገመዱ ቶሎ አልጠፋም። አዲስ አበባ «ቮልስ» ብላ የለመደችው ቮልስዋገን እንኳ በርካሹ ዓይነቱ እስከ እ. ኤ. አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በገመድ የሚሠራ ፍሬን ነበረው።

እንግዲህ «በጠሰ» የሚለው ቃል በአንድ ወቅት እውነተኛ የቴክኒክ ቃል ነበር ማለት ነው፤ ገመድ ይበጠሳልና። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ «ፍሬን» የሚለው የፈረንጅ ቃል ራሱ የመጣው ልጓም የሚል ትርጕም ካለው የላቲን ቃል ነው። በፈረስና በበቅሎ ሲጓዝ የኖረ ሕዝብ ደግሞ ልጓሙን ወይም ገመዱን በጥሶ የሚፈረጥጥ እንስሳ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ አነጋገሩ የተሰፋው በልኩ ነበር። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ተለውጦ ቃሉ ሳይለወጥ ሲቀር ነው። የበጠሰ ገመድ ድንገተኛ ነገር ነው፤ ጥፋቱም የማንም አይመስልም። የዛሬ ፍሬን ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር እንደ ገመድ በቅጽበት አይበጠስም። ይሞቃል፣ ይሳሳል፣ ያንጠባጥባል፣ ይጮኻል፤ በመጨረሻም ይከዳል።

የጋራዥ ቋንቋ እንደ ታሪክ መዝገብ

የሙያው ታሪክ በወረቀት ባይሰፍርም በቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል። በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉት ጋራዦች የሚነገረውን ቃል በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው፣ መምህራኑ ከየት ከየት እንደ መጡ ሊለይ ይችላል። «ሹፌር» እና «ጋራዥ» የፈረንሳይኛ ቃላት ናቸው፤ ዘመናዊ ዕቃና ዘመናዊ ስም በጂቡቲ በኩል ይገባበት የነበረውን ዘመን ያስታውሳሉ። በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም የፈረንሳዮች ሥራ ነበር። በሰሜን ምሥራቁ የከተማው ተዳፋት ላይ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የሩሲያ ሌጋሲዮኖች በመስፈራቸው፣ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ በየካ ምድር ላይ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የጣሊያንኛው ድርብ ከሁሉ ይወፍራል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ የተወረሱት ከጣሊያን መካኒኮች ነው። ጠላት አገሪቱን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. ባሉት ዓመታት ለጦርነቱና ለአገዛዙ ሲል ብዙ የመኪና መንገድ ዘርግቷል። ከእነዚህ አንዱ ከአሥመራ ተነሥቶ በደሴ፣ በጣርማ በር ዋሻና በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ በሰንዳፋና በለገጣፎ አልፎ፣ በኮተቤ በኩል አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ነው። በዚህም ምክንያት የካ የከባድ መኪናዎች የሰሜን በር ሆነች። ከ3000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1500 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት የወረደና ተመልሶ የወጣ የጭነት መኪና፣ የከተማውን ጠርዝ ሲረግጥ መጀመሪያ የሚሻው ነገር ፍሬኑን የሚያይለት ሰው መሆኑ አያስደንቅም።

ከነጻነት በኋላ የእንግሊዝ የጦር ባለሥልጣኖች ጣሊያኖቹ ጠቅልለው እንዲወጡ ሲሹ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ግን የእጅ ሙያ ያላቸው እንዲቀሩ ፈለገ። ብዙዎችም ቀሩ፤ ጋራዥም ከፈቱ። በእነዚህ ጋራዦች ውስጥ ቁልፍ በማቀበል የጀመሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሳቸው መካኒክ ሆኑ። የትምህርቱ ዘዴ ማየትና መስማት ነበር። ደብተር የለም፤ ፈተናው የተጠገነው መኪና ከእንጦጦ በደኅና መውረዱ ነው። በሙያው የገነነው ኢትዮጵያዊም በተራው ተለማማጆችን ተቀብሎ፣ እነርሱም «ጋሼ» እያሉ እያገለገሉት፣ ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። የፊያት የጭነት መኪናዎች፣ በተለይም በሹፌሮች ዘንድ «ኤንትሬ» በመባል የታወቀው፣ ለዚህ ትውልድ ትልቁ መማሪያ መጽሐፍ ነበሩ።

በዚሁ ጊዜ መደበኛው ትምህርት ጀመረ። የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት እ. ኤ. አ. በ1942 ተከፈተ። በ1943 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ የዓለም ባንክ እ. ኤ. አ. በ1950 ለመንገድ ሥራ የሰጠው 5 ሚሊዮን ዶላር ብድርና የአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች እርዳታ አብረው መጡ። መሥሪያ ቤቱ የራሱ የጥገና ክፍሎች ስለ ነበሩት፣ በሥዕልና በመለኪያ የሚሠራ የመካኒክ ትውልድ ለማፍራት አገዘ። እንግሊዝኛው ቫልቭና ፓድም ከጣሊያንኛው ባሌስትራ ጎን ተሰለፉ።

በዚህ ሁሉ የባዕድ ቃል መካከል አንድ የአማርኛ ቃል ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም «የፍሬን ሸራ» የሚለው ነው። ዛሬ የፍሬን ሸራ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ድንጋይ መሰል ጠንካራ ነገር ነው፤ ጨርቅነት የለውም። ታዲያ ስለ ምን ሸራ ተባለ? እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ እ. ኤ. አ. በ1897 የሠራው የፍሬን ገበር ከጥጥ ተሸምኖ በሚያጠነክር ነገር የተነከረ ነበር። ይኸው ሰው የመሠረተው ኩባንያ «ፌሮዶ» የሚባለው ነው። ጥጡ በሙቀት ስለሚያር እ. ኤ. አ. በ1908 በአስቤስቶስ ተተካ፤ ለብዙ ዓመታትም እንደ ጨርቅ እየተሸመነ በጥቅል ሲሸጥ ቆየ። እየለካ የሚቆርጠውና በታምቡሩ ውስጥ ባለው ጫማ ላይ በሪቬት የሚመታው መካኒክ በእጁ የያዘው ነገር በእርግጥም ሸራ ይመስል ነበር። ስሙም ከዚያ የተገኘ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ «ሸራ» የሚለው አንድ ቃል፣ ቃሉን ያወጣው ሰው ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ በጣቱ ዳስሶ፣ በገዛ ቋንቋው እንደ ሰየመው ይመሰክራል።

የቁልቁለቱ ሒሳብ

የጋራዥ ባለሙያው በልምድ የሚያውቀውን መሐንዲሱ በቁጥር ሊያስረዳ ይችላል። የእንጦጦ ሰንሰለት ከፍተኛው ጫፍ 3200 ሜትር ገደማ ሲሆን የከተማው መካከል ከ2400 ሜትር ብዙም አይርቅም። ባሕር ዛፍ ወይም ድንጋይ ጭኖ ጠቅላላ ክብደቱ 10 ቶን የሆነ መኪና 700 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ ወደ 69 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኀይል ከእርሱ መወገድ አለበት። ይህ ኀይል ከ220 ሊትር የሚበልጥ የቧንቧ ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ፣ ይህ ሙቀት በሙሉ የሚገባው በታምቡሮቹና በሸራዎቹ ውስጥ ነው።

ሙቀቱ በሦስት መንገድ ፍሬኑን ያደክማል። በመጀመሪያ ሸራው ከልኩ በላይ ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ታምቡሩ በሙቀት ስለሚሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉም ከወትሮው ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል። ሦስተኛና ከሁሉ የከፋው የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው። የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላበት ሙቀት ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማነስ የለበትም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ወለል 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን እንደ ስፖንጅ ይታመቃል። ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ጎማው ግን አይሰማም። «በጠሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መኪናው ቆሞ ከበረደ በኋላ ፔዳሉ ሊመለስ ስለሚችል፣ በማግሥቱ የሚመረምረው ሰው የተበጠሰ ነገር ፈልጎ ያጣል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በእንጦጦ ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። የሹፌሩን ጉልበት የሚያግዘው በባዶ አየር የሚሠራው ረዳት የሚጠቀመው በውጭ አየርና በሞተሩ ስበት መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ በዚህ ከፍታ ላይ እገዛው ይቀንሳል፤ እግር የበለጠ መርገጥ አለበት። ስስ አየርም የጋለ ታምቡርን በዝግታ ያበርዳል። በዝቅተኛ አገር ተፈትኖ የተመሰገነ ፍሬን በየካ ዳገት ላይ ያንኑ ያህል እንዲመሰገን የማይጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚጮኽ ፍሬን ምን ይናገራል?

አንድ ባለመኪና «ፍሬኔ ሲጥ ይላል» ብሎ ወደ ልምድ ያለው መካኒክ ሲሄድ፣ ደኅናው ባለሙያ ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል። የሚጮኸው ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ሲረገጥ ነው ወይስ ሲለቀቅ? ወደ ፊት ሲሄድ ነው ወይስ ወደ ኋላም? መኪናው ወደ ጎን ይስባል? ፔዳሉ ይለሰልሳል? ከቁልቁለት በኋላ የሚከረፋ ሽታ አለ? ከዚያም ራሱ ይነዳዋል፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በግንብ አጥር አጠገብ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ግንቡ ድምፁን ስለሚመልስለት የትኛው እግር እንደሚጮኽ ይለያል። ሲመለስም እጁን ወደ ቸርኬዎቹ ሳይነካ ያስጠጋና ከሌሎቹ ይልቅ የጋለውን ይፈልጋል።

ይህ አሠራር በሳይንስ ረገድ እንከን የለውም። የፍሬን ጩኸት ማለት ሸራውና ታምቡሩ ወይም ፓዱና ዲስኩ ሲፋተጉ፣ መያዝና መንሸራተት በፍጥነት እየተፈራረቁ አካሉን ሲያርገበግቡት የሚወጣ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ ድግግሞሹ በሴኮንድ ከ1000 ጊዜ ይበልጣል። ድምፁ ሁሉ ግን አንድ ትርጕም የለውም። በክረምት፣ የእንጦጦ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት አያያዞች ቢጮኽና ቢተወው፣ በዲስኩ ላይ ያደረው ስስ ዝገት ተጠርጎ መሄዱ ነው፤ የሚያሳስብ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት በሙቀት እንደ መስተዋት ያብለጨለጨ ሸራን፣ የተከማቸ ብናኝን ወይም የላላ ሞላን ያመለክታል። በብዙ ፓዶች ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ የተገጠመ ትንሽ የብረት ምላስ አለ፤ ፓዱ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲወርድ ምላሱ ዲስኩን እየነካ ይጮኻል። ይህ ጩኸት ብልሽት ሳይሆን መልእክት ነው። ከፉጨት አልፎ እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ድምፅ ከተሰማ ግን ሸራው አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው፤ ያ መኪና አንዲት ቁልቁለት እንኳ መውረድ የለበትም።

ከዚህ የምንረዳው የፍሬን አደጋ ብዙ ጊዜ በሦስትና በአራት ምልክቶች አስቀድሞ የሚታወጅ መሆኑን ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ያህል የሚስማማበት ስፍራ ጥቂት ነው። በቂ ማስጠንቀቂያ የሰጠን ፍሬን «በጠሰ» ብሎ መክሰስ፣ ለሳምንታት ሲጮኽ የሰነበተውን ድምፅና ያን ድምፅ ያልሰማውን ሰው አንድ ላይ መሸፈን ይሆናል።

ልምድ የሚስትበት ስፍራ

ሆኖም የጋራዥን ዕውቀት ማክበር ማለት ያለ ምርመራ መቀበል ማለት አይደለም። ከልምድ ጋር የተወረሱ ስሕተቶችም አሉ። አንዳንዱ ጩኸቱን ለማጥፋት በሸራው ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ጠብ ያደርጋል፤ ጩኸቱ ይጠፋል፤ ከእርሱ ጋር ግን ፍሬኑም ይጠፋል። ሌላው የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ይደፋል፤ ድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይሰነጠቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለትን በነጻ ማርሽ የሚወርድ ሹፌር ደግሞ ሞተሩ ሊሸከምለት የሚችለውን ሸክም በሙሉ በሸራው ላይ ይጥለዋል። የሚጠበቀው ግን ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው፤ ነዳጅ በመርፌ የሚረጩ የዛሬ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ስለሚዘጉ፣ በነጻ ማርሽ መውረድ ቁጠባውን ያስቀራል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌሮች ሕግ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የታመነ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ስሕተት ግን የባለሙያውን የራሱን ሕይወት የሚነካው ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የፍሬን ሸራ የሚሠራው ከአስቤስቶስ ነበር። መካኒኩ ታምቡሩን ሲከፍት የተከማቸውን ብናኝ በአየር ግፊት እፍ ያደርገዋል፤ ሸራውን በሞረድ ይሞርደዋል፤ ተለማማጁም አጠገቡ ቆሞ ያያል። የአስቤስቶስ ብናኝ ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ ከ20 እና ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ካንሰርንና ሌላ የሳንባ በሽታን እንደሚያመጣ ዛሬ የታወቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር አምጪ መሆኑን አስታውቋል። የአውሮፓ ኅብረት አጠቃቀሙን እ. ኤ. አ. በ2005 ከልክሏል። ከእንጦጦ የሚወርደውን ሰው ሕይወት ሲጠብቁ የኖሩ ባለሙያዎች ለዚያው ሥራ ሳንባቸውን ሲገብሩ፣ ይህን አውቆ ሊነግራቸው ይገባ የነበረው የተማረው ክፍል ነበር። ታምቡርን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና አፍንጫን በሚገባ መሸፈን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ሁለቱ ዕውቀቶች

የዛሬው የየካ መንገድ ከትናንቱ ይልቅ ፍሬንን የሚፈትን ሆኗል። በ2013 ዓ. ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ፣ ቀድሞ የጸበል ተሳላሚና እንጨት ለቃሚ ይበዛበት በነበረው ዳገት ላይ ቁልቁለት ያልለመዱ ሹፌሮች በብዛት ይወጣሉ። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በመወሰኑ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር እየጨመረ ነው። እነዚህ መኪናዎች ሲወርዱ ሞተራቸው እንደ ዲናሞ እየሠራ ኀይሉን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ከነተሳፋሪው 1.6 ቶን የሚመዝን መኪና ከእንጦጦ 700 ሜትር ሲወርድ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ኀይል ይለቅቃል፤ ከዚህ ብዙው ወደ ባትሪው ሊመለስ ይችላል።

ይህ ማለት ግን የፍሬን ባለሙያ ዘመን አለፈ ማለት አይደለም። ባትሪው ሞልቶ ከተራራው ጫፍ የሚነሣ መኪና ኀይሉን የሚያስቀምጥበት ስፍራ ስለማይኖረው፣ የለመደውን የሞተር አያያዝ ያጣና ሸክሙ ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። በሌላ በኩል ተራው ፍሬን በአዘቦት ቀን ብዙ ሳይነካ ስለሚሰነብት ዲስኩ ይዝጋል፤ ይጮኻልም። ሞተሩ ድምፅ የሌለው መኪና የፍሬኑን ሲጥታ ይበልጥ ስለሚያሰማ፣ ባለመኪናው ደንግጦ ወደ ጋራዥ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው ኮምፒውተሩን የሚያነብ ብቻ ሳይሆን የዝገትን ጩኸት ከብረት ጩኸት ለይቶ የሚሰማ ነው።

ልምድ ያላቸው መካኒኮች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው፤ ተለማማጆቻቸውም በከፊል ብቻ የወረሱትን ይዘው ይቀራሉ። የመሐንዲስነት ትምህርት ቤቶቻችን የግጭትን ሕግ ያስተምራሉ፤ የጣርማ በርንና የእንጦጦን ቁልቁለት ግን አያስተምሩም። ጋራዦቹ ቁልቁለቱን ያውቃሉ፤ የዘይቱን የመፍላት ልክና የአስቤስቶስን መዘዝ ግን የነገራቸው የለም። ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግማሽ ዕውቀት ይዘው በአንድ ከተማ ውስጥ ሳይተዋወቁ ኖረዋል።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የሙያ ማኅበር አባላት በየካና በሌሎች ክፍለ ከተሞች ያሉትን አንጋፋ መካኒኮች እየጎበኙ ቃላቸውን፣ የሥራ ዘዴያቸውንና ያስተማሯቸውን ሰዎች ታሪክ ሊመዘግቡ ይችላሉ። ገበያ ላይ የሚሸጡ ሸራዎችና ፓዶች በ3000 ሜትር ከፍታና በረጅም ቁልቁለት እንዲፈተኑ መጠየቅ፣ በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜም የፍሬን ዘይት የሚፈላበት ልክ እንዲለካ ማሳሰብ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው። አደጋ ሲደርስም «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ቃል በምርመራ መዝገብ ላይ እንደ ምክንያት ሆኖ ከመስፈሩ በፊት፣ የትኛው ክፍል፣ በምን ሙቀት፣ ከስንት ቀን ጩኸት በኋላ እንደ ከዳ ተጣርቶ ሊጻፍ ይገባል።